ጎረቤትሽ ተሻላት?

ሻሹ ጥቁር ነው። ባሏ የሞተ ጊዜ ነው ያሰረችው፤ ያኔ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ጥቁር ለብሶ ስለነበር ማንም ልብ አላላትም። ጊዜው ሲደርስ ሌላው ሐዘኑን አወለቀ፤ እሷ ግን አላወለቀችም። መጀመሪያ «ትንሽ ይቆይላት» አሉ። ቆይተው «አቤት ፍቅር!» አሉ። እየከረመ ሲሄድ ሐዘኗ በምትሠራበት የልብስ ስፌት ቤት እንደ ግድግዳው ሰዓት የተለመደ ነገር ሆነና ስሟ ቀርቶ «ባለሻሿ» ተባለች።

እውነቱን የሚያውቀው ሻሹ ብቻ ነበር።

ከሻሹ ሥር፣ ከመሀል አናቷ ወደ ግራ ጆሮዋ የሚወርድ፣ መዳፍ የሚያህል ባዶ ቦታ አለ። በሽታ አላረገፈውም፤ እሳትም አልነካውም። አንድ በአንድ የነቀለችው ራሷ ናት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ። ጣቷ ሳታዘው ይሄዳል። ከሌላው ሻከር ያለውን፣ ጠምዘዝ ያለውን አንዱን ፀጉር ፈልጎ ያገኘዋል፤ ከዚያ በኋላ ያንን ሳትነቅል ሌላ ነገር ማሰብ አትችልም። ስትነቅለው ለአፍታ ያህል፣ በታፈነ ክፍል መስኮት የተከፈተ ይመስላታል። ወዲያው መስኮቱ ይዘጋል። በጣቶቿ መሀል የቀረውን ፀጉር ታየዋለች፤ ከነጭ ሥሩ ጋር። «እኔስ ምን ዓይነት ፍጥረት ነኝ?» ትላለች። ይህንን ጥያቄ ማንንም ጠይቃ አታውቅም።

ሟቹ ባሏ ያውቅ ነበር። በተጋቡ ሰሞን ትራሷ ሥር የተጠራቀመ ፀጉር አይቶ ጠየቃት፤ አምናው ነገረችው። ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ሲቆጣም ሲቀልድም «የተነጨችው ዶሮ» ነበር የሚላት፤ አንድ ጊዜም በወንድሞቹ ፊት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ልጃቸውን ትከሻው ላይ አድርጎ ሰፈሩን የሚዞር አባት ነበር። ግን ቀብሩ ላይ ካፈሰሰችው እንባ ውስጥ ጥቂቱ የእፎይታ እንደነበረ እሷ ታውቃለች። ለዚያ ሰው ነው እንግዲህ ሰፈሩ «እንዲህ የተወደደ አልሞተም» የሚለው። እሷም ዝም ትላለች። ፀጉሯን የነጨች ከመባል ባሏን ያልረሳች መባል ይሻላል፤ አንዱ ያስከብራል፣ ሌላው ያስቃል።

ሥራ ላይ ስትሆን ደህና ናት። ሥራዋ የኮት ቁልፍ ቀዳዳ በእጅ መዘምዘምና ጠርዝ መልቀም ነው። ግራ እጇ ጨርቁን፣ ቀኝ እጇ መርፌውን ይይዛል፤ ጣቶቿ ሥራ አይፈቱም። የምትፈራው ሥራ የፈቱ ጣቶችን ነው።

ፋርማሲስቱ ወደ ሕይወቷ የገባው በእነዚሁ ጣቶች ምክንያት ነው። መድኃኒት ቤቱ ከስፌት ቤቱ ፊት ለፊት ነበር። አንድ ቀን ድፍረት አገኘችና መንገዱን ተሻግራ ገባች።

«ጎረቤቴ ናት» አለችው፣ ዓይኗን ጠረጴዛው ላይ ተክላ። «ፀጉሯ ይረግፍባታል።»

«ያሳክካታል?»

«እንጃ… አዎ፣ መሰለኝ።»

ነጭ ካፖርቱን ለብሶ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ አንድ ቅባት አወረደላት። አቀባቡን ሁለት ጊዜ አስረዳት፤ ስትወጣም በሩን ያዘላት። በሳምንቱ መንገድ ላይ ሲያገኛት ቆመና «ጎረቤትሽ ተሻላት?» አላት።

ሳታስበው ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ!

ከዚያ በኋላ ሸሚዝ ማመላለስ ጀመረ። ዛሬ የክንዱ ቁልፍ፣ ነገ የአንገቱ። ዋናው ልብስ ሰፊ፣ ሁሉም «ጋሼ» የሚሏቸው ሽማግሌ፣ አንድ ቀን ሸሚዙን ወደ ብርሃን አነሡና ክሩን አዩት። «እኔ የምለው፣ የኚህ ሰውዬ ቁልፍ የሚረግፈው በመቀስ ነው እንዴ?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ አደረገችው።

እንዲህ እንዲህ እያለ ፍቅር ሆነ። ግን ፍቅሩ ሁልጊዜ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ የቆመ ፍቅር ነበር፤ እጇን ይይዛል፣ ሻሿን አይነካም። «ሐዘንሽን አልጋፋም» ይላታል። እናቱ ደግሞ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዲሬክተር ናቸው፤ እስካሁንም ሰፈሩ «ዲሬክተሯ» ነው የሚላቸው። ልጃቸው ፊደል በማታ ትምህርት የቆጠረች፣ የልጅ እናት የሆነች ቁልፍ ሰፊ እንደወደደ ሲሰሙ ለአንድ ወር ያህል ምግብ ሲቀርብለት እንኳ አላናገሩትም።

እሱ ግን ተሟገተ። አንድ ሰኞ ጠዋት ስፌት ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ፊቱ በርቶ ነበር።

«እማዬ ተሸነፈች!» አላት።

«እንዴት?»

«የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። ‹ሙት ተሸክማ ቤቴ አትገባም› አለች። እሁድ ከልጅሽ ጋር ትመጫለሽ፤ ሻሽሽን በገዛ እጇ ፈትታ ሌላ ታስርልሻለች። ገዝታልሻለች እኮ! ክሬም ቀለም ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔም ድርሻዬን ተወጥቻለሁ። ትናንት መቃብሩ ሄጄ ነበር። አበባ አኑሬ ‹ቦታህን ልወስድ አይደለም፣ ፍቀድልኝ› አልኩት። አትቆጪኝ።»

እጇ ውስጥ የነበረው መርፌ ጣቷን ወጋት። ደሙን አፏ ውስጥ ከተተች፤ እሱም መልስ ያጣችው ከሐዘን የተነሣ መሰለው። ዓይኑ ውስጥ ያየችው አክብሮት ከባሏ ስድብ ይልቅ አቃጠላት።

* * *

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። የደረሰው ግን በእሷ በኩል አልነበረም።

ልጇ ድንቡሼ አንደኛ ክፍል ናት። ጉንጯ ሞላ ያለ ስለሆነ ነው እንዲህ የምትባለው። በዚያው ሳምንት ረቡዕ እናት ፊቷን ስታጥባት ጣቷ የቀኝ ቅንድቧ ላይ ቆመ። ቅንድቡ መሀሉ ላይ ተቋርጧል። አረፋው መስሏት ደግማ አበሰችው። አረፋ አልነበረም።

«ማን ነካሽ?»

«ማንም» አለች ልጅቷ፣ እጇን ከጀርባዋ እየደበቀች።

ያቺን እጅ የመደበቅ አኳኋን እናት ታውቃታለች። ያን ሌሊት ጣሪያ ጣሪያውን ስታይ አደረች፤ «እኔ ነኝ የሰጠኋት። ዓይኗን ሰጠኋት፣ ጉንጯን ሰጠኋት፣ ይሄንንም ሰጠኋት» ስትል።

ዓርብ ክሊኒክ ወሰደቻት። ዶክተሯ ወጣት ሴት ነበረች። ልጅቷን አልጋ ጫፍ ላይ አስቀምጣ፣ ቅንድቧን በመብራት አየችና እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ቁጡኝ ብላ አይደለም፤ ክፋትም አይደለም» አለች። «አእምሯችን ውስጥ ያሉት ሴሎች እርስ በርሳቸው የሚላላኩት በኬሚካል ነው። አንዱ ጭንቀትን ያበርዳል፣ አንዱ ‹ደስ ይላል፣ ድገሚው› ይላል፣ ሌላው ደግሞ ‹በቃ፣ አቁሚ› ይላል። እንዲህ ያለ ልጅ ላይ ‹ድገሚው› የሚለው ድምፁ ከፍ ይላል፣ ‹አቁሚ› የሚለው ደግሞ ይዘገያል ብለን እናስባለን። ፍሬኑ እንደላላ መኪና በይው። ሹፌሩ ጥፋት የለበትም፤ እግሩ ፍሬኑ ላይ ነው፣ መኪናው ግን ይሄዳል።»

«ስለዚህ… መጥፎ ጠባይ አይደለም?»

«አይደለም። ቀልባቸውን ሲያጡ፣ ሲሰለቻቸው፣ ሲጨነቁ ይብሳል። ለምን አንዱን ይዞ ሌላውን እንደሚተው ሳይንስም ገና ጨርሶ አልደረሰበትም። የምናውቀው ግን ቅጣትና ማሳፈር እንደሚያብሱት ነው። እጇ ሊሄድ ሲል እንድታውቀውና ለእጇ ሌላ ሥራ እንድትሰጠው የምታለማምድ ባለሙያ አለችን፤ ብዙ ልጆች ተጠቅመዋል። አንዳንድ ትልልቅ ሰዎች ላይ መድኃኒትም እንሞክራለን።»

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አነሣች። «በቤተሰብም ይሄዳል። ከቤታችሁ እንዲህ የሚያደርግ ሌላ ሰው አለ? አንቺ? አያቷ?»

ጥያቄው እንደ ቀልድ ቀላል ነበር። ዶክተሯ ቀና ብላ እንኳ አላየቻትም። «አዎ» ማለት አንዲት ቃል ናት፤ ያቺ ቃል ደግሞ እስከ ምላሷ ጫፍ ድረስ መጥታ ነበር። ከዚያ የባሏ ወንድሞች ሳቅ ጆሮዋ ላይ ጮኸ።

«የለም» አለች። «ማንም የለም። እሷ ብቻ ናት።»

ድንቡሼ እግሮቿን ከአልጋው ጫፍ እያወዛወዘች ነበር። ማወዛወዟን አቆመች።

እናትየው ከክሊኒኩ ስትወጣ የተጠማ ሰው ውኃ አቅርበውለት «አልጠማኝም» ብሎ የተመለሰ ያህል ተሰማት።

* * *

ቅዳሜ ከሥራ በኋላ ስፌት ቤት ብቻዋን ቀረችና ከትርፍራፊ ገበር ጨርቅ ቆብ ሰፋች። ከገበያ የገዛችውን ሰው ሠራሽ ፀጉር ዳር ዳሩን፣ ግንባርና ጆሮ አካባቢ፣ ፈትል በፈትል ተከለችበት። ሻሹ ሲወልቅ ተሠርቶ ወደ ኋላ የተሰበሰበ ፀጉር ይመስላል፤ ወዲያው ክሬሙ ሻሽ ይታሠርበታል፤ አለቀ። መስተዋት ፊት አጠለቀችውና አየች። በሕይወቷ እንዲህ የተዋጣለት ሥራ ሠርታ አታውቅም። ያሳፈራትም ይኸው ነው።

እሁድ የዲሬክተሯ ሳሎን ውስጥ መጻሕፍቱ በቁመታቸው ተሰልፈው፣ ወንበሮቹ የተቦረሸ ጨርቅ ለብሰው፣ ጠረጴዛው ላይ ብስኩትና ጭማቂ ቀርቦ ነበር። ፋርማሲስቱ መነጽሩን እያወለቀ ያጠልቃል። ዲሬክተሯ እንግዳቸውን ከእግሯ እስከ ራሷ አዩ፤ ሆኖም ድምፃቸው ለስለስ ያለ ነበር።

«ነይ ልጄ፣ እዚች ዱካ ላይ ተቀመጪልኝ። እኔም ባሌን ቀብሬአለሁ፤ አውቀዋለሁ። የሚያፈቅር ሰው ያከብራል። ለልጄ ያልኩት ምን መሰለሽ? ‹ሙቷን እንዲህ ያከበረች ሕያዉን አታዋርድም› ነው ያልኩት።»

«እግዜር ይስጥልኝ እማማ» አለች።

ዱካዋ ላይ ተቀመጠች። የአሮጊቷ ጣቶች ማሠሪያው ላይ ሲያርፉ ተሰማት፤ ቋጠሮው ጠብቆ ኖሮ «አቤት አስተሳሰር!» አሉ። ፋርማሲስቱ ከበሩ አጠገብ ቆሟል። አንድ ጊዜ ብቻ ይፈታ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይታሠር፤ ከዚያ ሚስት ትሆናለች፣ ልጇ አባት ታገኛለች፣ ማንም ምንም አያውቅም።

«ተይ!» አሉ ዲሬክተሯ በድንገት።

እሷን መስሏት ደነገጠች። አይደለም። ዓይናቸው ሶፋው ላይ የተቀመጠችው ድንቡሼ ላይ ነበር። የልጅቷ ሁለት ጣቶች ቅንድቧ ላይ ናቸው።

«ቅንድብሽን ነው የምትነጪው? ምን ዓይነት ልማድ ነው ይሄ? ከማን ተማርሽው?»

ዕድሜ ልካቸውን ልጅ ሲቀጡ የኖሩበት ድምፅ ነው፤ ክፋት የለበትም፣ ግን ግድግዳ ያቆማል። ድንቡሼ እጇን ከጀርባዋ ደበቀች። ትምህርት ቤት ውስጥ እንደተጠራች ሁሉ ተነሥታ ቆመች።

«ከማንም» አለች። «ዶክተሯም ጠይቃ ነበር። ማንም የለም። እኔ ብቻ ነኝ እንዲህ የምሆነው።» ትንሽ አሰበችና «ይቅርታ» ብላ ጨመረች።

እኔ ብቻ ነኝ።

እናትየው ያችን ቃል ታውቃታለች። በዚያ ዕድሜ፣ ከአልጋ ሥር ተደብቃ፣ ለራሷ የነገረቻት ቃል ናት። ሌላ ሰው አልሰጣትም ነበር። ለልጇ ግን የሰጠቻት እሷ ናት፤ በዶክተር ፊት፣ በገዛ አፏ።

«ቆይ እማማ» አለች።

የአሮጊቷን እጅ ከማሠሪያው ላይ ቀስ ብላ አነሣችው። ቋጠሮውን ራሷ ፈታች። ጥቁሩን ሻሽ ጉልበቷ ላይ አኖረችው። ከዚያ ጣቷን ከጆሮዋ በላይ አስገብታ ቆቡን ከነፀጉሩ ሳበችው።

የመስኮቱ ብርሃን ራቁት ቆዳዋ ላይ ሲያርፍ ተሰማት፤ ሙቀቱን እንኳ ለየችው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ዓይኗን ግን ከልጇ ላይ አላነሣችም።

«ውሸቴን ነው ድንቡሼ» አለች። «ዶክተሯን ዋሽቻታለሁ። እኔም አለሁበት። ትንሽ ሆኜ፣ እንዳንቺ ሆኜ ጀመረኝ። እስካሁንም አልተወኝም።»

ልጅቷ ቀረብ አለች። ጣቷን ዘርግታ ባዶውን ቦታ ነካችው፤ ዝሆን እንደሚነካ ልጅ፣ በፍርሃትና በመገረም።

«አንቺም?» አለች። ደግማም «እማዬ፣ አንቺም?!» አለች፤ በሁለተኛው ላይ ድምፅዋ ውስጥ የነበረው ነገር ሐዘን አልነበረም። ወንድም ወይም እህት ተወለደልሽ የተባለች ይመስል ነበር።

ዲሬክተሯ ክሬሙን ሻሽ እንደያዙ ቆመው ቀሩ። ሊያስሩት አልቻሉም፤ ሊያስቀምጡትም አልቻሉም። በመጨረሻ «እኔ እኮ ልጅቷን… አላወቅኩም» አሉ፤ አንደበታቸው ሲጠፋ የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነበር።

ልጃቸው ግን እናቱን አላየም። ጥቁሩን ሻሽ ነበር የሚያየው። ፊቱ ተለዋወጠ፤ በሩን ከፍቶ ወጣ።

* * *

አወቀችው። እንዲህ እንደሚሆን ታውቅ ነበር። ሻሿን በዘፈቀደ ጠምጥማ፣ ልጇን በእጇ ይዛ፣ ዲሬክተሯን በእንባ ተሰናብታ ወጣች። አጥር በሩ ላይ ግንቡን ተደግፎ አገኘችው።

«አትቸገር» አለችው። «ያየኸው ያስጠላል፤ አውቃለሁ። አልቀየምህም።»

«ያየሁት?» አላት። ድምፁ ሻክሯል። «ያስጠላኝ ፀጉርሽ መሰለሽ? መቃብር ሄጄ ሙት ለምኜአለሁ እኮ! ‹ፍቀድልኝ› ብዬ ተንበርክኬአለሁ። እጅሽን በያዝኩ ቁጥር ሌባ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ሰውዬ ጋር ስወዳደር፣ ስሸነፍ ኖርኩ። አንቺ ደግሞ ታይኝ ነበር። ቆመሽ ታይኝ ነበር!»

እውነቱን ብቻ ነበር ያላት።

«የተነጨችው ዶሮ ነበር የሚለኝ» አለች።

«ማን?»

«እሱ። የለመንከው። በወንድሞቹ ፊት ሳይቀር። አንተም እንዲህ ትለኛለህ ብዬ ፈራሁ። ሟች ወዳድ መባሉ ደስ አለኝ፤ በሱ ተሸፈንኩ። ስታከብረኝ አፍር ነበር፣ ግን አክብሮትህን ማጣት ደግሞ አልቻልኩም። ይኸው ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

አንድ መኪና አለፈ። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፤ ምንም ያልቆሸሸውን መነጽር ደጋግሞ ጠረገው።

«ያቺ ጎረቤትሽ…» አለ።

«እኔ ነኝ።»

«የፈንገስ ቅባት ነው እኮ የሰጠኋት!»

«ምንም አላደረገላትም» አለች፣ አንገቷን ደፍታ።

ከአፉ አንድ ነገር አመለጠው፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየችውም። እሱም የለየው አይመስልም።

«ስለዚህ ነገር አንብቤአለሁ» አለ። «ከመደርደሪያው ማዶ ቆሜ ስለ አእምሮ ኬሚካል ለስንቱ ሰው አስረድቻለሁ። አንቺን ግን ‹ያሳክካታል?› ብዬ ላክሁሽ። ቀና ብዬ ባይሽ ኖሮ…» አልጨረሰውም። «ተናድጃለሁ። አልዋሽሽም፣ በጣም ተናድጃለሁ።»

«ይገባሃል። እንግዲህ እንሂድ፣ ድንቡሼ።»

መንገድ ጀመሩ። ጥቂት እንደሄዱ የጫማ ድምፅ ከኋላቸው ሰማች። ደረሰባቸውና በልጅቷ በኩል ሆኖ መራመድ ጀመረ።

«ተናድጃለሁ አላልክም?»

«ተናድጄ መሸኘት አልችልም ያለሽ ማን ነው?»

ድንቡሼ ቀና ብላ ሁለቱንም አየቻቸው። ከዚያ ነፃ የነበረች እጇን፣ ያችኑ ቅንድቧን የምትነካባትን፣ ለእሱ ሰጠችው። ያዘላት። ልጅቷ አሁን ሁለቱም እጆቿ ተይዘዋል። የእናትየው አንድ እጅ ግን ባዶ ነበር፤ ሳታዘው ወደ ራሷ ሲወጣ፣ በዘፈቀደ ከተጠመጠመው ሻሽ ሥር ሲገባ፣ ሻካራውን ሲፈልግ አወቀችው። እሱም አየ። ሌላ ቀን ቢሆን እጇን እንደተቃጠለ ሰው ታወርደው ነበር። ዛሬ አላወረደችውም፤ አልነቀለችምም። እዚያው አሳረፈችው፣ እሱ እያያት፣ ፊቷ በእፍረት እየጋለ።

ዓይኑን ከእሷ ላይ አላነሣም።

«እማዬ» አለች ድንቡሼ፣ በሁለቱ እጆች መሀል አንድ ጊዜ ዘለል ብላ። «ዶክተሯ ጋ ስንመለስ እኔ ልንገራት፣ እሺ? ‹እኔ ብቻ አይደለሁም፣ እኛ ነን› እላታለሁ።»

እናትየው «እሺ» ለማለት አፏን ከፈተች። ከልጅቷ ማዶ፣ በተናደደ ሻካራ ድምፅ፣ እሱ ቀደማት።

«እሺ በያት። እኔም አብሬአችሁ እመጣለሁ።»